ዐሥርቱ ትእዛዛት የማን ናቸው? አንድ ቃል በብዙ ሃይማኖት ሲነበብ

እ.ኤ.አ. በሰኔ 2024 የአሜሪካዋ ሉዊዚያና ግዛት አንድ ሕግ አወጣች። በመንግሥት ትምህርት ቤቶች፣ በእያንዳንዱ መማሪያ ክፍል ግድግዳ ላይ፣ ዐሥርቱ ትእዛዛት ይለጠፉ የሚል ነው። በዓመቱ ቴክሳስም ተመሳሳይ ሕግ አጸደቀች። ነገሩ ወዲያው ፍርድ ቤት ደረሰ። ክርክሩ በዋናነት መንግሥትና ሃይማኖት ምን ያህል ይራራቁ የሚል ነበር። ከዚያ ሁሉ ጫጫታ ሥር ግን ሌላ ጥያቄ ተቀምጧል። የሚለጠፈው የማን ዐሥርቱ ትእዛዛት ነው?

ጥያቄው ብዙ ሰው ያስገርማል። ትእዛዛቱ እኮ ያው ናቸው፤ የአይሁዱም የክርስቲያኑም መጽሐፍ ላይ አሉ። ቁርኣንም ሙሴ ስለተቀበላቸው ጽላቶች ይናገራል። ታዲያ «የማን» ብሎ ነገር ምንድን ነው?

ሕጉ ራሱ መልሱን ሳያስበው ሰጥቶታል። የሚለጠፈውን ጽሑፍ ቃል በቃል አስቀምጧል። አጻጻፉም እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በአሜሪካ ልዩ ልዩ ቦታዎች ከተተከሉ የድንጋይ ሐውልቶች የመጣ ነው። ያኔ አዘጋጆቹ አይሁዱንም፣ ካቶሊኩንም፣ ፕሮቴስታንቱንም ላለማስከፋት ሲሉ ተራ ቁጥር አላስገቡበትም። «እኔ እግዚአብሔር አምላክህ ነኝ» ከሚለው መክፈቻ ቀጥሎ ያሉትን መስመሮች አንድ በአንድ ለቆጠረ ሰው ዐሥራ አንድ ይሆኑበታል። ርዕሱ ዐሥር ይላል፣ ዝርዝሩ ዐሥራ አንድ ነው።

በዚህ ጉዳይ ላይ በሕዝብ ወሬ ውስጥ ሁለት አባባሎች ይዘወተራሉ። አንደኛው «ሁሉም ሃይማኖት የሚያስተምረው ያንኑ ነው» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ «እነ እንትና ትእዛዙን ለውጠውታል» የሚል ነው። ሁለቱም ትንሽ እውነት አላቸው። ሁለቱም ግን ልዩነቱ በትክክል የት ቦታ ላይ እንደሚፈጠር አያሳዩም።

ቁጥሩ ራሱ አከራካሪ ነው

ዐሥር የሚለው ቁጥር ከመጽሐፉ የመጣ ነው። ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 34 እና ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 4 ይጠቅሱታል። የሚጠሯቸው ግን «ዐሥሩ ቃላት» ብለው ነው። ግእዙም «ዐሠርቱ ቃላት» ይላል፤ ዕብራይስጡን ተከትሎ ማለት ነው። «ትእዛዛት» የሚለው አጠራር በኋላ የጎላ ነው። ልዩነቱ ቀላል ይምሰል እንጂ ወደታች ስንወርድ ዋጋ ይኖረዋል።

ችግሩ ቃላቱ በተዘረዘሩበት ቦታ ይጀምራል። በዘጸአት 20 ላይ አንደኛ፣ ሁለተኛ የሚል ነገር የለም። «አድርግ» እና «አታድርግ» የሚሉት ዐረፍተ ነገሮች ደግሞ ከዐሥር ይበልጣሉ። ዐሥር ለማድረግ የግድ የሆነ ቦታ ላይ ማጣመር፣ የሆነ ቦታ ላይ መለየት ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ወገን የቆረጠበት ቦታ የተለያየ ነው።

አይሁድ የሚጀምሩት «ከግብፅ ምድር ከባርነት ቤት ያወጣሁህ እግዚአብሔር አምላክህ እኔ ነኝ» ከሚለው ነው። ይህ በአነጋገሩ ትእዛዝ አይመስልም፤ መግለጫ ነው። «ቃል» ካልነው ግን አንደኛው ቃል መሆን ይችላል። ሌሎች አማልክትን የሚከለክለውና የተቀረጸ ምስልን የሚከለክለው አንድ ላይ ሁለተኛ ይሆናሉ።

ካቶሊኮችና ሉተራኖች በጥንቱ የቤተ ክርስቲያን አባት በአውግስጢኖስ አቆጣጠር ይሄዳሉ። ሌሎች አማልክትንና ምስልን አንድ አድርገው አንደኛ ይሏቸዋል። ቁጥሩ እንዳይጎድል በመጨረሻ ላይ «አትመኝ» የሚለውን ለሁለት ይከፍሉታል። ኦርቶዶክሶች፣ አንግሊካኖችና የካልቪንን መስመር የተከተሉ ፕሮቴስታንቶች ደግሞ ምስልን ለብቻው ሁለተኛ አድርገው «አትመኝ» የሚለውን አንድ ያደርጉታል። ይህ አቆጣጠር በአንደኛው ክፍለ ዘመን በነበሩት የአይሁድ ጸሐፊዎች፣ በፊሎንና በፍላቪዩስ ዮሴፍ ዘንድም ይገኛል። ሳምራውያን ይባስ ብለው በገሪዛን ተራራ ላይ መሠዊያ እንዲሠራ የሚያዝ ቃል አላቸው፤ ዐሥረኛው እሱ ነው።

ውጤቱ አንዳንዴ ያስቃል። ካቶሊክ «ስድስተኛውን ተላለፍኩ» ካለ ስለ ዝሙት እያወራ ነው። አንግሊካን ያንኑ ቢል ሰሚው ፖሊስ መጥራት ያምረዋል፤ የእሱ ስድስተኛ «አትግደል» ነውና።

ቀልዱን ወደ ጎን ብንል፣ ከዚሁ አቆጣጠር የተነሳ ከባድ ክስም ተወልዷል። «ካቶሊኮች ስለ ምስል የሚናገረውን ሁለተኛ ትእዛዝ ሰርዘዋል» የሚል። በአጫጭር የካቶሊክ ማስተማሪያዎች ላይ ያ ዐረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ ስለማይታይ ጥርጣሬው ከየት እንደመጣ ይገባል። ግን በመጽሐፍ ቅዱሳቸው ላይ ቃሉ እንዳለ አለ፤ ከአንደኛው ትእዛዝ ጋር ተጠቃሎ ነው የሚቆጠረው። ስለ ምስል ያለው ክርክር እውነተኛ ክርክር ነው። ስለ ስረዛ ያለው ግን ውሃ አያነሳም።

ቅደም ተከተሉም ቢሆን በጥንት ጊዜ እንዲህ የጸና አልነበረም። ናሽ ፓፒረስ የሚባለው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በሁለተኛው ክፍለ ዘመን እንደተጻፈ የሚገመተው የዕብራይስጥ ቁራጭ፣ «አታመንዝር» የሚለውን ከ«አትግደል» ያስቀድማል። ጳውሎስም በሮሜ 13 ላይ የሚዘረዝረው በዚሁ ቅደም ተከተል ነው።

«አትግደል» ማለት ምን ማለት ነው?

በአማርኛ አንድ ቃል ብቻ የሆነ ዐረፍተ ነገር ነው፤ አትግደል። ከዚህ በላይ ግልጽ ምን አለ? ግን ማንን? ምንን? በምን ሁኔታ?

በዕብራይስጡ የተጻፈው ግሥ «ራጻኽ» የሚባለው ነው። ቋንቋው ለመግደል ሌሎች ግሦችም አሉት። በጦርነት ለመግደልና እንስሳ ለማረድ የሚጠቀመው በአብዛኛው በሌሎቹ ነው። ስለዚህ የአይሁድ ተርጓሚዎችና ብዙ የዘመኑ የክርስቲያን ትርጉሞች ቃሉ ሕገ ወጥ ግድያን ብቻ ያመለክታል ይላሉ። በአማርኛ ቢሆን «ነፍስ አታጥፋ» የሚለው ሳይቀርብ አይቀርም። እኛ አንድ ሰው አውሬ ገደለ እንላለን፤ አውሬ የገደለን ሰው ግን ነፍሰ ገዳይ አንለውም።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 35 ግን ይህንኑ ግሥ ሳያስበው ሰው ለገደለ፣ ወደ መማፀኛ ከተማ ለሚሸሽ ሰውም ይጠቀምበታል። ያ ሰው በእኛ አነጋገር ነፍሰ ገዳይ አይደለም። እንግዲህ «መግደል» ሰፋ፣ «ነፍስ ማጥፋት» ጠበበ። መዝገበ ቃላት ብቻውን ጉዳዩን አይዘጋውም ማለት ነው። ሃይማኖቶቹ የሚለያዩት በዚህ ክፍት ቦታ ላይ ነው።

ኦሪት የሞት ቅጣትን በግልጽ ትፈቅዳለች። የአይሁድ ረቢዎች ግን በሕጉ ዙሪያ የምስክርነትና የማስጠንቀቂያ መስፈርት ደርድረው ቅጣቱን ለመፈጸም እጅግ አስቸጋሪ አደረጉት። በሚሽና ውስጥ፣ ማለትም በሁለተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ አካባቢ በተሰበሰበው የቃል ሕግ መዝገብ ውስጥ፣ በሰባት ዓመት አንዴ የሞት ፍርድ የፈጸመ ሸንጎ «አጥፊ» ይባላል የሚል አለ። አንዱ ረቢ «በሰባ ዓመት አንዴም ቢሆን» ይላል። ረቢ ዓቂባና ረቢ ታርፎን ደግሞ እኛ በሸንጎው ብንኖር ኖሮ ማንም ባልተገደለ ነበር አሉ። ሌላው ተቃወማቸው፤ እንዲህ ከሆነ ነፍሰ ገዳይ ይበዛል አለ። አራቱም አስተያየት አንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጧል። አንዱንም አልሰረዙትም።

በክርስትና ውስጥ ያለው ርቀት ከዚህም የሰፋ ነው። አውግስጢኖስ በተገቢ ባለሥልጣን ትእዛዝ፣ ለተገቢ ምክንያት የሚደረግ ጦርነት ትእዛዙን አይጥስም አለ። ይህ «ፍትሐዊ ጦርነት» የሚባለው አስተሳሰብ መነሻ ሆነ። ሜኖናይቶችና ኩዌከሮች የሚባሉት የክርስቲያን ወገኖች ደግሞ ጦር መሣሪያ ማንሳትን ጭራሽ አይቀበሉም። ሁለቱም የሚያነቡት አንዱን ዐረፍተ ነገር ነው። በአንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ ንባቡ ሲለወጥ ይታያል። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ የሞት ቅጣትን በጠባብ ሁኔታ ይፈቅድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ አንቀጹን አሻሽለው ቅጣቱ ተቀባይነት የለውም አሉ። ትእዛዙ አልተለወጠም። የተለወጠው ስለ ሰው ክብርና መንግሥት ወንጀለኛን ሳይገድል የመያዝ አቅሙ ምን ያህል እንደሆነ ያለው ግንዛቤ ነው።

የቁርኣኑ አነጋገር ሌላ መልክ አለው። በሱራ 17 ቁጥር 33 ላይ አላህ እርም ያደረጋትን ነፍስ ያለ ሕግ አትግደሉ ይላል። ልብ በሉ፤ እዚህ «ያለ ሕግ» የሚለው ገደብ እዚያው ዐረፍተ ነገሩ ውስጥ ነው። በኦሪቱ ግን ገደቡን ከሌላ ምዕራፍ መፈለግ ያስፈልጋል። ይህ ማለት በእስልምና ክርክሩ ቀላል ነው ማለት አይደለም። ክርክሩ ወደ «ሕጉ ምንድን ነው፣ ማንስ ይፈርዳል» ይዞራል። እሱን የሚመልሰው ፊቅህ ነው፤ ሊቃውንት ከቁርኣንና ከነቢዩ ሙሐመድ ንግግርና ተግባር ዘገባ፣ ማለትም ከሐዲስ፣ ሕግ የሚያወጡበት የዕውቀት ዘርፍ።

ከእነዚህ ሦስቱ ውጭ ወጣ ብለን ቡድሂዝምን ብናይ ደግሞ ከአምስቱ መመሪያዎች የመጀመሪያው ሕይወት ያለውን አለመግደል ነው። እንስሳና ነፍሳትም አሉበት። አዛዡ ግን አምላክ አይደለም፤ ሰውዬው ራሱ የሚገባው ቃል ነው። ከላይ ሲያዩት ያው ነው። ማን እንዳዘዘ፣ ለማን እንዳዘዘ ሲጠየቅ ግን በጣም የተለየ ነገር ይሆናል።

«አትስረቅ» ስለ ገንዘብ ላይሆን ይችላል

ይሄኛው ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። ታልሙድ፣ ማለትም የሚሽናው ሰፊ ማብራሪያ፣ በዐሥርቱ ቃላት ውስጥ ያለው «አትስረቅ» የሚናገረው ስለ ሰው ስርቆት ነው ይላል። አፈና ማለት ነው። ምክንያታቸው እንዲህ ነው። ከጎኑ ያሉት መግደልና ማመንዘር በኦሪት ሕግ የሞት ቅጣት የሚያመጡ ናቸው። ስለዚህ ከእነሱ ቀጥሎ ያለው ስርቆትም በሞት የሚያስቀጣው መሆን አለበት። ያ ደግሞ ሰውን ሰርቆ መሸጥ ነው። ታዲያ የገንዘብ ስርቆት ተፈቀደ? በፍጹም። እሱን ኦሪት ዘሌዋውያን 19 ላይ ያለው «አትስረቁ» ይከለክለዋል ይላሉ።

ተራ አንባቢ ይህን ሲሰማ «ቃሉን ጠመዘዙት» ሊል ይችላል። ግን ስልታቸውን እንይ። ዐረፍተ ነገርን በጎረቤቱ መተርጎም፣ አንድ ሕግ ሁለት ጊዜ ከተጻፈ ሁለተኛው ያለ ምክንያት አልተጻፈም ብሎ መነሳት። የራሱ ሥርዓት ያለው ንባብ ነው። አብዛኞቹ ክርስቲያኖች በዚህ ስልት ስለማያነቡ ያንኑ ቃል በሰፊው ወስደው ከኪስ ማውለቅ እስከ ደመወዝ መከልከል ድረስ ይዘረጉታል።

ሰንበት፦ ልዩነቱ በዓይን የሚታይበት

የሌሎቹ ትእዛዛት ልዩነት በመጻሕፍት ውስጥ ይደበቃል። የሰንበት ግን የቀን መቁጠሪያ ላይ ይወጣል።

መጀመሪያ ነገር ቃሉ በሁለት ቦታ በሁለት መልክ ተጽፏል። ዘጸአት «አስብ» ሲል ዘዳግም «ጠብቅ» ይላል። ምክንያቱም ይለያያል። በዘጸአት ምክንያቱ ፍጥረት ነው፤ እግዚአብሔር በስድስት ቀን ፈጥሮ በሰባተኛው ዐረፈ። በዘዳግም ግን ምክንያቱ ባርነት ነው፤ አንተም በግብፅ ባሪያ ነበርህና ባሪያህም እንዳንተ ይረፍ። ይህ ልዩነት በኋላ ለመጣው ሁሉ በር ይከፍታል። ምክንያቱ ፍጥረት ከሆነ ትእዛዙ የሰው ልጅ ሁሉ ይመስላል። ከግብፅ መውጣት ከሆነ ደግሞ የወጣው ሕዝብ ነው የሚመለከተው።

በአይሁድ ዘንድ ሰንበት ከዓርብ ማታ እስከ ቅዳሜ ማታ ነው። «ሥራ» ምን እንደሆነ ኦሪት በዝርዝር አትናገርም። ሚሽና 39 ዋና ዋና ሥራዎችን ይዘረዝራል። መዝራት፣ ማጨድ፣ መስፋት፣ መጻፍ፣ እሳት ማንደድ፣ ማጥፋት እያለ ይቀጥላል። ድካም መለኪያው አይደለም። ከባድ ወንበር እቤት ውስጥ ማንቀሳቀስ ሊፈቀድ፣ ሁለት ፊደል መጻፍ ሊከለከል ይችላል። ኤሌክትሪክ ሲመጣ ክርክሩ እንደገና ጀመረ። መብራት ማብራት እሳት ማንደድ ነው? አንዳንዶች አዎ አሉ። ሌሎች የተቋረጠ መስመር መቀጠል ከመገንባት ይቆጠራል አሉ። ውጤቱ ተመሳሳይ ነው፤ በሰንበት ማብሪያ ማጥፊያ አይነካም። ቀድሞ በተሞላ ሰዓት ቆጣሪ መብራቱ ራሱ ቢበራ ግን ብዙዎች ይፈቅዳሉ። በየፎቁ ራሱ እየቆመ የሚሄድ የሰንበት አሳንሰርም ከዚህ የተነሳ የተፈጠረ ነው።

አብዛኞቹ ክርስቲያኖች እሑድን የሚያከብሩት የትንሣኤ ቀን ስለሆነ ነው። ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢኖስ እ.ኤ.አ. በ321 ዳኞችና የከተማ ሰዎች እሑድ እንዲያርፉ አዘዘ፤ ገበሬውን ግን ፈቀደለት። በዚያው መቶ ዓመት የተካሄደው የሎዶቅያ ጉባኤ ክርስቲያኖች ቅዳሜን እንደ አይሁድ ሥራ ፈትተው እንዳያከብሩ ከለከለ። ጉባኤ የሚከለክለው የሚደረግ ነገር ነው። ስለዚህ ቅዳሜን የሚያከብሩ ክርስቲያኖች ያኔም ነበሩ ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ መንገዱ ይበታተናል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ፒዩሪታኖች የሚባሉት የእንግሊዝ ጥብቅ ፕሮቴስታንቶች ትእዛዙ ሙሉ በሙሉ ወደ እሑድ ተዛውሯል ብለው መዝናኛን ሳይቀር አገዱ። ሉተር ደግሞ ቀኑ ራሱ በክርስቲያን ላይ ግዴታ አይደለም፣ ዋናው ዕረፍትና ቃለ እግዚአብሔር መስማት ነው የሚል አቋም ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1863 የተደራጀችው የሰባተኛው ቀን አድቬንቲስት ቤተ ክርስቲያን ቀኑን ማንም ሊያዛውረው አይችልም ብላ ወደ ቅዳሜ ተመለሰች። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ሌላ መልስ ሰጥታለች። የአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርት ቅዳሜም ይከበር ብለው ለረጅም ጊዜ ተከራከሩ፤ የእስክንድርያው ወገን አልተቀበለውም። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1450 በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ፣ ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ ተወሰነ። «ወይ ቅዳሜ ወይ እሑድ» የሚለው ምርጫ የግድ እንዳልሆነ ከሚያሳዩ ጥቂት መልሶች አንዱ ይህ ነው።

እስልምና ላይ ስንደርስ የተለመደ ስህተት አለ። ብዙ ሰው ዓርብን «የሙስሊሞች ሰንበት» ይለዋል። አይደለም። ሱራ 62 ለጁምዓ ሶላት ጥሪ ሲደረግ ንግድ ተዉ ይላል፤ ቀጥሎ ደግሞ ሶላቱ ሲያልቅ በምድር ተበትናችሁ የአላህን ችሮታ ፈልጉ ይላል። ማለትም ወደ ሥራ መመለስ ይቻላል። ቁርኣን ሰንበትን ያውቀዋል፤ ግን በሱራ 16 ላይ በእሱ ጉዳይ እርስ በርስ በተለያዩት ሰዎች ላይ የተደረገ ነው ይለዋል። በሱራ 50 ላይ ሰማያትና ምድር በስድስት ቀናት ተፈጠሩ፣ ድካምም አልነካንም የሚል አለ። አምላክ ካልደከመ ዕረፍትን ከፍጥረት ጋር የሚያያይዘው ምክንያት ቦታ አያገኝም። በቁርኣን ሱራ 6 እና ሱራ 17 ላይ ከዐሥርቱ ቃላት ጋር የሚቀራረቡ ዝርዝሮች አሉ። አላህን ብቻ ማምለክ፣ ወላጅ፣ ነፍስ፣ ዝሙት፣ የየቲም ገንዘብ፣ ሚዛን ይነሳሉ። ሰንበት ግን የለም።

ምስል፦ የተከለከለው መሥራቱ ነው ወይስ መስገዱ?

«የተቀረጸ ምስል ለአንተ አታድርግ፤ አትስገድላቸው፣ አታምልካቸውም።» ይህ አንድ ክልከላ ነው ወይስ ሁለት? ማለትም ለማምለክ ያልሆነ ምስልም የተከለከለ ነው?

በባይዛንታይን ግዛት ይህ ጥያቄ ከመቶ ዓመት በላይ አባላ። ሥዕል አፍራሾቹ ክልከላውን በሙሉ ኃይሉ ወሰዱት። ዮሐንስ ዘደማስቆ ግን የማይታየው አምላክ ሥጋ ከለበሰ በኋላ ሊሣል ይችላል ብሎ ተከራከረ። እ.ኤ.አ. በ787 የተካሄደው ሁለተኛው የኒቅያ ጉባኤ በሁለት ነገሮች መካከል ለየ። አምልኮ ለእግዚአብሔር ብቻ ነው፤ ለሥዕል የሚሰጠው አክብሮት ነው፣ እሱም ወደ ባለቤቱ ያልፋል። ሥዕሎቹ በጽኑ የተመለሱት በ843 ነው። በ16ኛው መቶ ዓመት የካልቪን ተከታዮች ይህን ልዩነት አልተቀበሉትም፤ ተራ ሰው ሲሰግድ አምልኮና አክብሮትን አይለይም አሉ። እውነቱን ለመናገር ሁለቱም ወገን የሚፈራው አንድ ነገር ነው፤ ጣዖት። የሚለያዩት ጣዖት በምን በር ይገባል በሚለው ነው።

አይሁድና እስልምና ምንም ሥዕል አያውቁም የሚለውም ልክ አይደለም። ሶርያ ውስጥ ዱራ ኤውሮፖስ በተባለች ጥንታዊ ከተማ የተገኘው የሦስተኛው ክፍለ ዘመን ምኩራብ ግድግዳው ሙሉ በመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ሥዕሎች የተሸፈነ ነው። በእስልምና ሕያው ነገርን መሣል የሚነቅፉ ሐዲሶች አሉ፤ በመስጊድ ውስጥም ሥዕል የለም። በፋርስና በኦቶማን ቤተ መንግሥት ግን ሰው የተሣለባቸው መጻሕፍት በብዛት ተሠርተዋል። ፎቶግራፍ ሲመጣ የሊቃውንቱ ክርክር ታደሰ። አንዳንዶቹ ፎቶ እንደ መስታወት ነጸብራቅ ነው፣ መፍጠር አይደለም አሉ።

ወላጅን ማክበር

እዚህ ላይ ስምምነቱ ሰፊ ነው፣ ብዙ መቆየት አያስፈልግም። ጥያቄው ገደቡ ላይ ነው። ሱራ 31 ወላጆች በአላህ ላይ እንድታጋራ ቢያስገድዱህ አትታዘዛቸው፣ ግን በመልካም ተወዳጃቸው ይላል። የአይሁድ ሕግም ወላጅ ኦሪትን ጣስ ቢል አይሰማም ይላል። ሉተርና የካቶሊክ ትምህርት ደግሞ ትእዛዙን ወደ መምህርና ወደ ባለሥልጣን ዘርግተውታል። ለወላጅ የተባለው ለመንግሥት ይሆናል ወይ የሚለው በታሪክ ብዙ መዘዝ ያመጣ ጥያቄ ነው።

ልዩነቱን የሚፈጥረው ምንድን ነው?

እስካሁን ያየናቸውን ስናጤን አንድ ነገር ይደጋገማል። ማንም ትእዛዙን ለብቻው አያነበውም። ሁሉም ከአንድ ነገር ጋር ነው የሚያነበው። አይሁዱ ከቃል ሕግ ጋር፣ ኦርቶዶክሱና ካቶሊኩ ከአበውና ከጉባኤያት ጋር፣ ሙስሊሙ ከሐዲስና ከፊቅህ ጋር። «እኔ መጽሐፉን ብቻ ነው የማነበው» የሚለውም ዝርዝሩን በየትኛው አቆጣጠር እንደሚቆጥር፣ ሰንበትን በየትኛው ቀን እንደሚውል ሲጠየቅ፣ ከኋላው ያለ ልማድ ብቅ ይላል።

ሁለተኛው ነገር አድራሻው ነው። ትእዛዙ ለማን ተላከ? የረቢዎቹ ትምህርት በኦሪት ውስጥ 613 ትእዛዛት አሉ፣ እነሱም የእስራኤል ናቸው ይላል። ለሌላው የሰው ልጅ ሰባቱ የኖኅ ሕግጋት ይበቃሉ፤ ግድያ፣ ስርቆት፣ ጣዖት፣ ነውረኛ ግንኙነት እዚያ አሉ፣ ሰንበት የለም። ስለዚህ አንድ ረቢ ክርስቲያኑን «ሰንበትን ለምን አልጠበቅህም» ብሎ አይወቅሰውም፤ ደብዳቤው ለእሱ አልተጻፈም ባይ ነውና። ክርስቲያኑ ግን ደብዳቤው ለእሱም እንደተላከ ያምናል። ከዚያ በኋላ ነው የትኛው መስመር እንዳለ ይሠራል፣ የትኛው በክርስቶስ ተፈጸመ የሚለው የሚመጣው።

ሦስተኛው፣ ሁለት ትእዛዞች ሲጋጩ ማን ያሸንፋል የሚለው ነው። በአይሁድ ሕግ ሕይወት ማዳን ሰንበትን ይሽራል። ታልሙድ ላይ «ሰንበት ለእናንተ ተሰጠች እንጂ እናንተ ለሰንበት አልተሰጣችሁም» የሚል የአንድ ረቢ ቃል አለ። በማርቆስ ወንጌል ደግሞ ኢየሱስ «ሰንበት ስለ ሰው ተፈጥሮአል እንጂ ሰው ስለ ሰንበት አልተፈጠረም» ይላል። ብዙ ጊዜ ተቃራኒ ተደርገው የሚቀርቡ ሁለት ወገኖች እዚህ ላይ ምን ያህል እንደሚቀራረቡ ማየት ነው።

«ሁሉም አንድ ነው» ምን ያህል ያስኬዳል?

እ.ኤ.አ. በ1993 በቺካጎ የተሰበሰበው የዓለም ሃይማኖቶች ጉባኤ የጋራ የሥነ ምግባር መግለጫ አውጥቶ ነበር። ረቂቁን ያዘጋጀው የካቶሊኩ የነገረ መለኮት ምሁር ሃንስ ኩንግ ነው። መግለጫው በአራት ጥንታዊ ክልከላዎች ላይ ቆሟል፤ አትግደል፣ አትስረቅ፣ አትዋሽ፣ አታመንዝር። ደጋፊዎቹ ሃይማኖቶች በተግባር አብረው የሚቆሙበት መሬት ተገኘ አሉ። ይህ ዋጋ የለውም ማለት አይቻልም።

ተቺዎቹም ነጥብ አላቸው። ስምምነቱ የተገኘው የመጀመሪያዎቹን ቃላት በመተው ነው። ስለ አምላክ፣ ስለ ስሙ፣ ስለ ምስል፣ ስለ ሰንበት የሚናገሩት ቀርተዋል። ለአማኙ ግን ኋለኞቹ የሚቆሙት በፊተኞቹ ላይ ነው። አለመግደል ግዴታ የሆነበት አዛዡ ስለታወቀ ነው። በእኔ ግምት ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ የሚመልሱት ጥያቄ ግን የተለያየ ነው። ጎረቤት ለጎረቤት እንዴት ይኑር ለሚለው አራቱ ይበቃሉ። ትእዛዙ ምንድን ነው ለሚለው አይበቁም።

ትርጓሜ ሕግ ሲሆን

በምኩራብ ወይም በቤተ ክርስቲያን ውስጥ እስካለ ድረስ ልዩነቱ ብዙ አይጎዳም። መንግሥት አንዱን ንባብ ሲመርጥ ግን ነገሩ ይለወጣል። የሉዊዚያናው ጽሑፍ አከራካሪ የሆነው ለዚህም ጭምር ነው። ለአይሁድ ልጅ የመጀመሪያው ቃል ከግብፅ መውጣትን የሚጠቅስ ነው፤ ግድግዳው ላይ ያለው ግን ግብፅን አያነሳም። «አትግደል» የሚለውም ረቢዎቹ ከሚያስተምሩት በሰፋ ትርጉም ተቀምጧል።

የሰንበቱ ጉዳይ ደግሞ ኪስ ድረስ ይዘልቃል። በፔንስልቬንያ ብዙ ዓይነት ንግድ እሑድ እንዳይሠራ የሚከለክል ሕግ ነበር። ቅዳሜን የሚጠብቁ የአይሁድ ነጋዴዎች ከሰሱ። ቅዳሜ ሱቃችንን የምንዘጋው በእምነታችን ነው፣ እሑድ ደግሞ በመንግሥት ትእዛዝ እንዘጋለን፤ ቅዳሜ ከሚሠራ ሰው ጋር እንዴት እንወዳደር አሉ። እ.ኤ.አ. በ1961 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፈረደባቸው። ሕጉ ሃይማኖትን ሳይሆን ለሁሉም የሚሆን አንድ የዕረፍት ቀንን የሚመለከት ነው አለ። እ.ኤ.አ. በ2023 ያው ፍርድ ቤት እሑድ አልሠራም ላለ አንድ ክርስቲያን የፖስታ ሠራተኛ አቤቱታ ጆሮ ሰጠ። አሠሪ የሠራተኛን እምነት ላለማስተናገድ ትንሽ ወጪ መጥቀስ አይበቃውም፣ ከባድ ጫና እንደሚደርስበት ማሳየት አለበት ብሎ ጉዳዩን ወደ ታችኛው ፍርድ ቤት መለሰው።

ነጋዴዎቹም ፖስተኛውም የጠቀሱት ያንኑ ዐረፍተ ነገር ነው፤ «የሰንበትን ቀን ትቀድሰው ዘንድ አስብ።» በአንደኛው አቆጣጠር ሦስተኛ፣ በሌላው አራተኛ ነው።